በረዶ ያገደው መርዶ

የእትዬ ወርቄን ማረፍ የሰማሁት በቴክስት ነው። ዋሽንግተን አጠገብ፣ አናንዴል ነዳጅ እየቀዳሁ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንጫጫ። ሳወጣው የድሮ ሰፈራችን ሰዎች ግሩፕ ላይ የሻማ ሥዕል፣ የርግብ ሥዕል፣ "ነፍስ ይማር"፣ "ነፍስ ይማር"፣ "ነፍስ ይማር"። አንዷማ ከሥሩ የልጇን የልደት ኬክ ለጥፋለች። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አይደለም፣ ንዴት ነው። እሳቸው እኮ ናቸው! የአሌክሳንድሪያን ሐበሻ በወግ በወጉ ሲያረዱ የኖሩ ሴትዮ፣ የእሳቸው ሞት በርግብና በኬክ መካከል ይነገር? እንባዬ የመጣው መኪና ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው።

በስተርጅና የእህታቸው ልጅ ሲያትል ወስዳቸው እዚያ ነበር የሚኖሩት። እኔ ግን እሳቸውን ሳስብ የሚመጡልኝ በዚያ በቀይ ጡብ አፓርትመንታችን፣ ምድር ቤት፣ መስኮታቸው ሥር ቆመው ነው። አጭር ናቸው። የሞተ ጎረቤት ትቶት የሄደ የወንድ ጃኬት ጉልበታቸው ድረስ ወርዶ፣ በላዩ ነጠላ፣ ከነጠላው ሥር የስልክ ማዳመጫ። ጉልበታቸው እምቢ እስኪል ድረስ አርሊንግተን አንድ ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ ልብስ አጥበዋል። ከዚያ በኋላ ሥራቸው ወሬ ሆነ።

ወሬኛ ነበሩ፣ ምን አስዋሸኝ። ግቢያችን ግማሹ ሐበሻ ግማሹ የሳልቫዶር ሰው ነበር፤ አገር ቤት ያለች አንዲት መንደር ተነቅላ እዚያ የተተከለች ነው የምትመስለው። የማን መኪና እንደተጎተተ፣ ማን ግሪን ካርድ እንደደረሰው፣ የትኛው ሱቅ ምስር በሴል እንዳረከሰ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ሁሉ ከእሳቸው ይሰማል። ግን ያልተጣራ ነገር አይወጣቸውም። አንድ ቀን እኔ የሰማሁትን ሐሜት ይዤ ስከንፍ ብሄድ፣ "ማን ነገረሽ? እሷስ ከማን ሰማች?" ብለው እንደ ዳኛ መረመሩኝና "ሰብልዬ፣ ወሬ እንደ ልብስ ነው፤ ሳታጥቢው ለሰው አታልብሺ" አሉኝ። አፍሬ ተመለስኩ።

የሰፈሩ ሰው የሚወዳቸውን ያህል ደግሞ ይፈራቸው ነበር። አገር ቤት ሰው ሲሞት ዘመድ የሚደውለው ለባለሐዘኑ አይደለም፣ ለጓደኛው ነው። ጓደኛው ሰው ያሰባስብና በማለዳ ሄደው ያረዳሉ። እኛ ሰፈር ያ የሚደወልለት ሰው እትዬ ወርቄ ናቸው። ለደኅና ነገር ሲመጡ ከኮሪደሩ ጫፍ ጀምረው እየጮሁ ነው። ዝም ብለው ከመጡ ግን፣ በተለይ ቅዳሜ ጠዋት፣ በተለይ ነጠላ አጣፍተው፣ አበቃ። አንድ ጊዜ ወንፊት ሊዋሱ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ እንደመጡ የአንዷን ልጅ በር ቢያንኳኩ፣ ልጅቷ በበሩ ቀዳዳ አይታ "ወይኔ እናቴን!" ብላ ከውስጥ ተዘረጋች። እሳቸው ከውጭ በሩን እየደበደቡ "ኧረ ወንፊት ነው! ኧረ ወንፊት ፈልጌ ነው!" ይላሉ። ለወራት ስቀንበታል። ልጅቷ ግን አልሳቀችም።

የአባቴንም መርዶ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። በሩን ስከፍት ከኋላቸው ሰው ነበር። ሰላም ሳይሉኝ "ምድጃ ላይ የተጣደ ነገር አለ?" አሉኝ። "የለም" አልኩ። "የመኪናሽ ቁልፍስ?" አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ቁልፉን መዳፋቸው ላይ ሳስቀምጥ ገባኝ። በኋላ ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ስጠይቃቸው፣ "በዚህ አገር ሰው ብቻውን ይሠራል፣ ብቻውን ይበላል፣ ብቻውን ይታመማል። ብቻውን መርዶ አይሰማም፤ እኔ በሕይወት እያለሁ አይደረግም" አሉኝ። አንዲት የሥራ ባልደረባቸው በስልክ ሰምታ፣ ብቻዋን መኪና አስነሥታ ሄዳ ከዛፍ ጋር ተጋጭታለች።

እንግዲህ እኚህ ሴት አንድ ልጅ ነበራቸው። ግርማ ይባላል፣ አገር ቤት በጅቡቲ መንገድ የጭነት መኪና ይነዳል። የትልቅ ልጅ አባት ሆኖ እንኳ ለእሳቸው "ግርምሽ" ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ካርድ ፍቀው ይደውሉለታል፤ እሱም መንገድ ላይ ካልሆነ ያነሣል። ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ ግርማ ምን እንደበላ ሳይቀር ያውቃል።

ማርች ገብቶ ነበር። ሰው ክረምቱ አለቀ ብሎ ወፍራም ጃኬቱን ሰቅሏል፣ ሁዳዴ ተይዟል። ሐሙስ ቀን ሥራ ላይ እያለሁ ጋሽ ታምሩ ደወለልኝ። ጋሽ ታምሩ ስፕሪንግፊልድ የሚኖር ታክሲ ነጂ ነው፤ መርዶ ሲሄዱ ሁልጊዜ ከእትዬ ወርቄ ጎን የሚቆመው እሱ ነው። "ሰብለ፣ አጠገብሽ ሰው አለ?" ሲለኝ ለእኔ የመጣ መሰለኝ። "ግርማ" አለኝ። መኪናው ተገልብጦ። ቀብሩም ተፈጽሟል። የእትዬ እህት ናቸው ከአዲስ አበባ ለእሱ የደወሉት።

"ቅዳሜ ጠዋት እንሰባሰባለን፤ ከሲልቨር ስፕሪንግም ሰው ይመጣል፣ የንስሐ አባታቸውም ይመጣሉ" አለኝ። "እስከዚያ አንቺ ነሽ ያለሽው። ደም ብዛታቸውን ታውቂያለሽ፤ ባለፈው ዓመት ወድቀው የተነሡት በእግዜር ቸርነት ነው። ብቻቸውን ከሰሙ አይተርፉም። ስልካቸውን አደራ!"

አደራ ማለት ቀላል ነው። አርብ ማታ "ድምፁን ላስተካክልልዎ" ብዬ ሞባይላቸውን ወሰድኩና ቁም ሣጥኔ ውስጥ ልብስ መካከል ቀበርኩት። እሳቸውም መርቀው ሰጡኝ። ተኛሁ ልበል? አልተኛሁም።

ቅዳሜ ስነሣ መስኮቱ ነጭ ሆኗል። በረዶው የመኪኖቹን ጎማ ውጦ አሁንም ይወርዳል፣ ያውም በእልህ። ባለቤቴ ዋሽንግተን አንድ ሆቴል ውስጥ ጥገና ስለሚሠራ እዚያው አስቀርተውታል። ጋሽ ታምሩ ደውሎ "መኪናዬ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉትማ በራቸውን መክፈት አቅቷቸዋል። መንገድ እስኪከፈት ካጠገባቸው እንዳትለዪ" አለኝ። ስልኩን ስዘጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩ ገባኝ። በዚያ ሁሉ በረዶ መካከል እኔና እትዬ ወርቄ ብቻችንን ነን፤ ወሬው እንዳያመልጥ ለሌላ ጎረቤት ስላልተነገረ፣ ልጃቸው መሞቱን እዚህ ግቢ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሰው ፊት ላይ ያለውን ከራሱ ቀድመው የሚያነቡ ሴትዮ ናቸው።

ወርጄ አንኳኳሁ። "እትዬ፣ ብቻዬን ፈርቻለሁ፤ እኔ ጋ ይውጡና አብረን እንዋል" አልኳቸው። የዚያን ቀን ካወራሁት ሁሉ እውነቱ እሱ ብቻ ነበር።

"በረዶ ምን ያስፈራል? አይናከስ!" አሉና መድኃኒታቸውን ኪሳቸው ከተቱ፤ ደረጃውን ብረቱን ይዘው፣ አንድ አንዱን እየረገሙ ወጡ።

መስኮቴ ሥር ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸውና ዜና ጀመሩ። የታችኛው ሱቅ ዳቦና ወተት ከትናንት አልቋል። አውቶቡስ የለም። ሳልቫዶሮቹ የሰውን ሁሉ መኪና እየገፉ ነው፣ እግዜር ይስጣቸው። የሦስተኛ ፎቁ ሰውዬ ከማለዳ ጀምሮ መኪና ይቆፍራል፤ "የሚቆፍረው ግን የራሱን አይደለም፤ የእሱ ቀጥሎ ያለው ነው። ልንገረው እንዴ?" አሉኝ። "ይንገሩት" ልል አፌን ስከፍት "ተይው፣ ይሙቅበት" ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ለራሴ ጆሮ አስጠላኝ። ጓዳ ገብቼ ሽሮውን ማማሰል ያዝኩ።

ያኔ ነው ስልክ የጮኸው። የእኔ አይደለም። ከሥር፣ በወለሉ በኩል። የእሳቸው የቤት ስልክ!

እኔ አፈር ልብላ፣ የቤት ስልኩን ረስቼዋለሁ! ሞባይሉን ደብቄ ግድግዳው ላይ ያለውን ትቼዋለሁ። ይጮሃል፣ ያቆማል፣ እንደገና ይጮሃል። ከስልኩ ማዶ ያለው ሰው መርዶው የተነገራቸው መስሎት "እግዜር ያጽናዎት" ሊል እንደሆነ ታወቀኝ።

"ማነው እንዲህ የሚያጣድፈው?" ብለው ተነሡ። "ልውረድ።"

"ደረጃው በረዶ ሆኗል እትዬ! ይወድቃሉ!"

"አሁን ወጣሁበት አይደል?"

"ከዚያ ወዲህ ብሶበታል" አልኩና በሩ ላይ ቆምኩ። በእውነት በጀርባዬ ነው የደገፍኩት። ትንሽ አዩኝና "አንቺ ልጅ ዛሬ ምን ሆነሻል?" አሉ። "አልተኛሁም" አልኩ። ስልኩ ጸጥ ሲል ተመልሰው ተቀመጡ።

ጥቂት ቆይቶ የእኔ ጮኸ። ከሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት ድምፀ ትልቅ ሴት ናት፤ ሃሎ ሳልላት "እትዬ ወርቄ ተረዱ ወይ?" ብላ ጮኸች። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እስኪያመኝ ጫንኩት። "አዎ፣ እዚህም በጣም ጥሏል" አልኳት። "ምን?" "አዎ፣ እስከ ጎማው ድረስ።" "ሰብለ፣ አብደሻል?" "በይ ሰላም ዋይ" ብዬ ዘጋሁ። ዞር ስል እትዬ በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። ሰምተው ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

"ያቺ የሁለተኛ ፎቋ ልጅ ባሏ ከሥራ መባረሩን ታውቂያለሽ?" አሉኝ ዞር ሳይሉ። "ሁላችንም እናውቃለን። እሷ ብቻ ናት ምሳ እየቋጠረች የምትሸኘው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።"

በሬ የረገጠኝ ያህል ደነገጥኩ። ስለ ልጅቷ ነው የሚያወሩት ወይስ ስለ ራሳቸው? ፊታቸውን ለማየት ፈራሁ። ያንን ጎረምሳ ባሏን እየረገምኩ ሳህን ማጠብ ያዝኩ፤ ሳህኑ የታጠበ ነበር።

ከዚያ የምፈራው መጣ። "ቅዳሜ አይደል? ግርምሽ ይጠብቀኛል። ስልክሽን አምጪ" አሉኝ።

"ካርድ የለኝም እኮ እትዬ።"

ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ያልተፋቀ ካርድ አወጡ። ስልኬን እምቢ ብል ያውቁብኛል። ብሰጣቸው የልጃቸውን ስልክ ማን ያነሣል? ሰጠኋቸው። ምን ላድርግ? የግርማን ደወሉ። የዚያች የቴሌ ሴትዮ ድምፅ ለእኔም ተሰማኝ፤ ስልኩ ጥሪ እንደማይቀበል ተናግራ ዘጋች። "ከአዋሽ ወዲያ ኔትወርክ የለም" አሉ ለራሳቸው። እፎይ አልኩ። ቶሎ ነበር እፎይ ያልኩት። ሳያስቀምጡ የእህታቸውን ደወሉ።

ተነሣ። እህታቸው "ሃሎ" ሲሉ ሰማሁ። ከኋላቸው ብዙ ሰው አለ። የሰው ጉርምርምታ፣ የወንበር መጎተት፣ ከዚያ ደግሞ አንዲት ሴት በረጅሙ ስታለቅስ። እትዬ ወርቄ "ሃሎ፣ እኔ ነኝ" አሉ። ማዶው ጸጥ አለ። መስመሩ ተዘጋ።

እኔ ጓዳው በር ላይ ቆሜ ፎጣ ይዣለሁ። አሁን ይወድቃሉ፣ አሁን ይወድቃሉ እያልኩ በሐሳቤ አምቡላንሱ በበረዶው እንዴት እንደሚገባ አሰላስላለሁ። እሳቸው ስልኩን አዩት። ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ ደፉት።

"ተቋረጠ" አሉ።

"ካርዱ ይሆናል" አልኩ።

"ይሆናል።"

መድኃኒታቸውን አውጥተው ዋጡ። "ሽሮሽ አላረረም? አቅርቢ እንብላ" አሉኝ። ሌላ ቅዳሜ ግርማ ካላነሣ እህል አይወርድላቸውም። አቀረብኩ። ትንሽ በትንሽ እያኘኩ በሉ፤ እኔንም አጎረሱኝ። ስልክ ከዚያ በኋላ አልጠየቁም። ከታች የቤት ስልኩ እንደገና መጮህ ሲጀምር እኔ ተስፈንጥሬ ተነሣሁ፤ እሳቸው ግን "ተይው፣ ይደውል" አሉ። ይህ ደግሞ ከመጠየቃቸው ይበልጥ አስፈራኝ።

ወሬያቸውም ቆመ። እኚያ ሴት ዝም ብለው ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም። በረዶው ቀጠነ፣ ቆመ። አንዴ ብቻ "መንገድ ካልተጠረገ ሰው አይመጣም" አሉ።

"ማን ይመጣል ብለው ነው?" አልኳቸው ድምፄ እየተሰበረ።

"ሰው ነዋ" አሉኝ።

መንገሩ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እግራቸው ሥር ወድቄ ልንገራቸውና ልገላገል ብዬ አስቤያለሁ። ግን ብነግራቸው የሚይዛቸው ማነው? እኔ አንድ ሰው ነኝ። አፌን በፎጣ ይዤ መኝታ ቤት ገባሁ፤ ስወጣ ፊቴን ታጥቤ ነበር።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንድ ትልቅ ፒክአፕ ከፊቱ በረዶ መግፊያ ብረት ተገጥሞለት፣ ቢጫ መብራቱ እየተሽከረከረ ግቢያችን ገባ። ሰው ሁሉ ፓርኪንጉን ሊጠርግ የመጣ መስሎት ደስ ብሎት ወጣ። መኪናው ከእኛ መግቢያ ፊት ለፊት ቆመ። ጋሽ ታምሩ ከሱፍ ልብሱ ጋር ቦት ጫማ አድርጎ ወረደ። ቀጥለው ሁለት ሴቶች ተደጋግፈው ወረዱ፣ በጃኬታቸው ላይ ነጠላ አጣፍተዋል። በኋላ እንደሰማሁት ባለመኪናው በረዶ በመጥረግ የሚተዳደር የእኛው ልጅ ነው፤ ጋሽ ታምሩ ለምኖት ከስፕሪንግፊልድ ድረስ እየጠረገ፣ ሰዎቹንም ከየቤታቸው እየለቀመ አመጣቸው፤ የንስሐ አባታቸውና የሲልቨር ስፕሪንጎቹ ግን በበረዶው ቀርተዋል።

እትዬ ወርቄ በመስኮት አዩአቸው። "ዘንድሮ በረዶ ጠራጊም ነጠላ መልበስ ጀመረ?" አሉ። ድምፃቸው የደኅና ቀን ድምፅ ነበር። ከዚያ ብድግ ብለው ነጠላቸውን ገፈው አራገፉ፣ እንደገና አስተካክለው አጣፉ። "ክፈችላቸው፣ ይበርዳቸዋል" አሉኝ።

ከፈትኩ። ሴቶቹ እንደ ወጉ በግራና በቀኝ ሊይዟቸው ተጠጉ። ጋሽ ታምሩ ኮፍያውን አውልቆ ፊታቸው ቆመ። ይህን ሥራ ከእሳቸው ጋር ስንት ቤት ሠርቶታል፤ ግን ሁልጊዜ የሚናገሩት እሳቸው ነበሩ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ "መንገዱ... በረዶው እኮ..." አለና ቃል አጠረው።

"አይዞህ ታምሩ" አሉት። "በል ንገረኝ። ግርማ ነው?"

"አዎ እትዬ። እግዜር ያጽናዎት።"

ሴቶቹ ክንዳቸውን ያዙ፤ እሳቸው ግን ክንዳቸውን አስለቅቀው ዞሩ፣ ወደ እኔ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ያንኑ ፎጣ ይዣለሁ። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ይህን ይዘሽ ነው ቀኑን ሙሉ ብቻሽን የዋልሽው? እኔን!" አሉና በሁለት እጃቸው ስበው ደረታቸው ውስጥ ከተቱኝ። ጀርባዬን አንዴ፣ ሁለቴ መታ መታ አደረጉኝ።

የልጃቸውን ስም ጠርተው የጮኹት ከዚያ በኋላ ነው።